ዝም ያለ ሰው በሬዲዮ አይታይም

 

በሪያድ ከተማ በየሰው ቤት የምትሠሩ ብዙዎቻችሁ፣ እጃችሁ ሥራ ላይ ሳለ ጆሮአችሁ ነጻ እንደሆነ ታውቃላችሁ። ልብስ ሲተኮስ፣ ሰሐን ሲታጠብ፣ ሕፃኑ እስኪተኛ ሲጠበቅ አንዷ ትረካ፣ ሌላዋ የሬዲዮ ድራማ በስልኳ ከፍታ ታዳምጣለች። ፊታቸውን አይታችሁ የማታውቋቸውን ሰዎች በድምፃቸው ብቻ ለይታችሁ፣ አንዱን ወድዳችሁ፣ ሌላውን ጠልታችሁ፣ ስለ አንዲቱም አልቅሳችሁ ይሆናል። ለመሆኑ ያን ቃል በተዋናዩ አፍ ላይ ያኖረው ማን ነው? በዛሬው ዓምዳችን ስለዚህ ሰው፣ ስለ ጸሐፌ ተውኔት እና ስለ ሥራው እንነጋገራለን። ነገሩ ከጨዋታነት አልፎ ለኑሮአችን የሚሆን ቁም ነገር አለውና በትዕግሥት አንብቡልኝ።

ታሪክ የሚጽፍ ሰው የባለታሪኩን ሐሳብ በገዛ ቃሉ ሊነግረን ይችላል። «በልቧ አዘነች፣ ለሰው ግን አልነገረችም» ብሎ ይጽፍና ያልፋል። ጸሐፌ ተውኔት ግን ይህ ፈቃድ የለውም። ሐዘኗን እርሷው ራሷ በአንደበቷ፣ ወይም በምትሠራው ሥራ ካልገለጠችው ተመልካቹ አያውቅላትም። ስለዚህ ጸሐፌ ተውኔት ከመጻፉ በፊት ብዙ መስማት አለበት። ባለጸጋ እንዴት ያዛል? ድሀ እንዴት ይለምናል? ሽማግሌ ነገር ሲያዞር፣ ልጅ ሲዋሽ፣ ሴት ምሬቷን ስትውጥ ድምፅዋ ምን ይመስላል? ይህን ሁሉ በጆሮው ያልሰበሰበ ሰው ተውኔት ልጻፍ ቢል፣ የሚናገሩት ሰዎች ሁሉ እርሱን ራሱን መስለው ይቀራሉ።

ከአገራችን ጸሐፍተ ተውኔት መካከል ጆሮአቸው ንቁ ከነበሩት አንዱ መንግሥቱ ለማ ናቸው። የተወለዱት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1924 ነው። አባታቸው አለቃ ለማ ኃይሉ የታወቁ የቤተ ክርስቲያን ሊቅ ስለነበሩ፣ ልጁ ያደጉት ቅኔና የሊቃውንት ጨዋታ በሚሰማበት ቤት ነው። ቅኔ የሚያስተምረው አንድ ታላቅ ነገር ቃል ሁለት ፊት እንዳለው ነው። ሰሙ ላይ ሆኖ ይሰማል፣ ወርቁ ከሥር ተቀብሮ ይቆያል። የተውኔት ንግግርም እንዲሁ ነው። ሰውየው «ቡና አፍዪልን» ሲል ወርቁ «ከዚህ ውጪልን» ሊሆን ይችላል። በሰው ቤት የምትሠሩ ሁሉ ይህን ሳትማሩ ታውቁታላችሁ። ማዳም «ዛሬ ደክሞሻል?» ስትል ርኅራኄ ይሁን ተግሣጽ ከቃሉ ሳይሆን ከድምፅዋ ትለያላችሁ።

መንግሥቱ ለማ ወደ እንግሊዝ አገር ሄደው በለንደን ተምረዋል። ከዚያም በሕንድ በኢትዮጵያ ኤምባሲ አገልግለዋል። በባዕድ አገር ብዙ ዓመት ኖረው ሳለ የአማርኛቸው ለዛ ሳይለቃቸው፣ እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1950ዎቹ ዓመታት «ጠልፎ በኪሴ» እና «ያላቻ ጋብቻ» የተባሉትን ሁለት አስቂኝ ተውኔቶች ለመድረክ አበቁ። በኋላም «ባለካባና ባለዳባ»ን እና «ፀረ ኮሎኒያሊስት»ን ጽፈዋል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ቴአትርን አስተምረው በ1980 ዓ.ም. አርፈዋል።

ከሥራቸው ሁሉ ለእናንተ የምመርጠው «ያላቻ ጋብቻ»ን ነው። ይህ ተውኔት በእንግሊዝኛም ተተርጉሞ እ.ኤ.አ. በ1970 በለንደን ታትሟል። ባሕሩ የሚባል ከትልቅ ቤት የተወለደ የተማረ ወጣት፣ የከተማውን ምቾት ትቶ ገጠር ይወርዳል። ሕዝቡን ሊያስተምር፣ ሊረዳም ያስባል። በቤቱ የምታገለግለው በለጤ የምትባል የቤት ሠራተኛ ናት። ባሕሩ እርሷን ሊያገባ ይፈልጋል። ያን ጊዜ የዘር፣ የማዕረግ፣ የአቻነት ነገር ይነሣል። «ያላቻ ጋብቻ» የሚለው ርእስ ራሱ ጥያቄ ነው፤ አቻ ማለት ማን ነው? በዘር የሚመሳሰል ነው ወይስ በልብ?

እስኪ ዘመኑን አስቡት። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን፣ መኳንንትና ወይዛዝርት ለብሰውና አጊጠው ቴአትር ሊያዩ በሚገቡበት ጊዜ፣ የታሪኩ መነሻ የሆነች የቤት ሠራተኛ በመድረክ ላይ ቆመች። አዳራሹ ውስጥ ከተቀመጡት መካከል ብዙዎቹ እንዲህ ያለች ልጅ በቤታቸው ነበረቻቸው። ማታ ወደ ቤት ሲመለሱ በር የከፈተችላቸው እርሷው ናት። መንግሥቱ በስብከት አልመጡባቸውም፤ በሣቅ መጡባቸው። ሰው እየሣቀ ሳለ ነገሩ ሳያስበው ይገባዋል።

በዚህ ቦታ ግን እንደ አባት አንድ ነገር ልበላችሁ። «ያላቻ ጋብቻ» ሠራተኛ ሁሉ ጌታዋን ታግባ የሚል ምክር አይደለም። በሰው አገር በምትሠሩበት ቤት ውስጥ የሚቀርብ የፍቅር ቃልና የጋብቻ ተስፋ ብዙ ጊዜ ሰሙ ጣፋጭ፣ ወርቁ መራራ ነው። የጸሐፊው ጥያቄ ሌላ ነበር። ይህች ልጅ ሰው ናት ወይስ አይደለችም? ሰው ከሆነች የምትለው ነገር ይኖራታልና እንስማት ነው ነገሩ።

ይኸው ጥያቄ በሌላ ሥራቸውም ተመልሶ ይመጣል። «ጠያቂ» የተባለው ተውኔት እንግሊዛዊው ጄ. ቢ. ፕሪስትሊ ከጻፉት ተውኔት መንግሥቱ ለማ ወደ አማርኛ የመለሱት ነው። የፕሪስትሊን የሕይወት ሥራ ማወቅ ይጠቅመናል፤ በመድረክም በሬዲዮም የሠሩ ሰው ነበሩና። እ.ኤ.አ. በ1940 እንግሊዝ በጀርመን አውሮፕላኖች በምትደበደብበት ጊዜ፣ እሑድ ማታ በቢቢሲ ሬዲዮ አጭር ንግግር ያሰሙ ነበር። ሚሊዮኖች ያዳምጧቸው ነበር። ቋንቋቸው የተራ ሰው ቋንቋ ነው፤ ስለ ዕለት ኑሮ እየተናገሩ ሰውን ያበረቱ ነበር። ከጦርነቱ ማብቂያ ጋር ደግሞ ይህን የመድረክ ተውኔት ጻፉ።

ታሪኩ እንዲህ ነው። አንድ ባለጸጋ ቤተሰብ የልጁን መታጨት ምክንያት በማድረግ ማዕድ ላይ ተቀምጧል። በድንገት መርማሪ ነኝ የሚል ሰው ይመጣል። ኢቫ ስሚዝ የተባለች ድሀ ሠራተኛ በገዛ እጇ ሕይወቷን እንዳጠፋች ይነግራቸዋል። ከዚያም እያንዳንዳቸውን በተራ ይጠይቃል። አባትየው ደመወዝ ይጨመርልን ስላለች ከፋብሪካ አባሯት ነበር። ሴት ልጁ በቁጣ ተነሥታ ከሱቅ ሥራዋ አስወጥታት ነበር። እናትየው ደግሞ ርዳታ ልትለምን ወደ በጎ አድራጎት ማኅበር በመጣች ጊዜ ባዶ እጇን እንድትመለስ አድርጋ ነበር። ኢቫ ስሚዝ በመድረኩ ላይ አንድ ጊዜም አትታይም። አንድ ቃልም አትናገርም። ሁሉም ስለ እርሷ ይናገራሉ፣ እርሷን ግን በሕይወት ሳለች የሰማት አልነበረም።

በእንግሊዝኛው ተውኔት ውስጥ ሌላም ሴት አለች። ስሟ ኤድና ነው፤ የቤቱ ሠራተኛ ናት። ማዕዱን ታነሣለች፣ ትላላካለች፣ መርማሪው ሲመጣም በር ከፍታ የምታስገባው እርሷ ናት። የምትናገረው ጥቂት ነው። ቢሆንም በመድረክ ላይ ስለቆመች ተመልካቹ ያያታል። ሽርጧን፣ ትሪዋን፣ ዓይኗን መስበሯን ያያል።

አሁን ይህን ተውኔት ለሬዲዮ ብናደርገው ኤድና ምን ትሆናለች? ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። በሬዲዮ ዝም ያለ ሰው ከክፍሉ እንደ ወጣ ይቆጠራል። ካልተናገረች፣ ትሪው ካልተንኳኳ፣ አንድ ሰው «ኤድና!» ብሎ ስሟን ካልጠራ፣ አድማጩ እዚያ መኖሯን ይረሳል። ጸሐፊው ሊያኖራት ከፈለገ ድምፅ ሊሰጣት ግድ ነው።

ከመድረክ ወደ ሬዲዮ የተሻገሩ ጸሐፊዎች ሁሉ ይህን ሕግ መማር ነበረባቸው። እ.ኤ.አ. በጥር 1924፣ መንግሥቱ ለማ በተወለዱበት ዓመት ማለት ነው፣ ሪቻርድ ሂዩዝ የሚባል ወጣት እንግሊዛዊ ጸሐፌ ተውኔት ለቢቢሲ አንድ ድራማ ጻፈ። በዚያ አገር በተለይ ለሬዲዮ ተብለው ከተጻፉት ድራማዎች የመጀመሪያው ነው። አድማጭ ምንም እንደማያይ ያውቅ ነበርና ብልሃት ፈጠረ። ታሪኩን ከምድር በታች በከሰል ማዕድን ዋሻ ውስጥ አደረገው፤ ከዚያም መብራቱን አጠፋው። ስለዚህ በታሪኩ ውስጥ ያሉት ሰዎችና በየቤቱ ያለው አድማጭ በአንድ ጨለማ ውስጥ ሆኑ። ሁሉም በድምፅ ብቻ ተፈላለጉ።

በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ላለፍን ሰዎች ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። የቃል ትምህርት የሚባለው በማታ፣ መብራት በሌለበት፣ መምህሩ እየተናገረ ተማሪው በጆሮው ተቀብሎ የሚያጠናው ነው። መጽሐፍ አይታይም፣ ፊት አይታይም፤ የታየው ሁሉ ድምፅ ነው። እንዲህ የተቀበሉት ትምህርት ደግሞ ከልብ አይጠፋም።

የሬዲዮ ድራማ አሠራሩ ቀላል ይመስላል እንጂ ብዙ ጥበብ አለው። የሁለት ሰዎች ድምፅ እንዳይመሳሰል አንዱ ወፍራም፣ ሌላው ቀጭን ይመረጣል። የገባውና የወጣው ሰው በስሙ ይጠራል። የፈረስ ኮቴ የሚሰማው የኮኮናት ቅርፊት ሁለት ላይ ተሰንጥቆ ሲጋጭ ነው። እሳት የሚንጣጣው ሴላፎን በእጅ ሲታሽ ነው። ዝምታም ቢሆን በልክ ይገባል፤ ሁለት ሦስት ሰከንድ ሲሆን ልብ ያንጠለጥላል፣ ሲረዝም ግን አድማጩ ጣቢያው የተቋረጠ መስሎት ቁልፉን ያዞራል።

በአገራችን የመድረክ ሰው በሬዲዮ ምን ሊያደርግ እንደሚችል ያሳየው ወጋየሁ ንጋቱ ነው። ወጋየሁ የተመሰገነ የመድረክ ተዋናይ ነበር። የክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» በሬዲዮ በተረከ ጊዜ ግን ቴአትር ቤት ገብቶ የማያውቀው ገበሬ፣ ፊደል ያልቆጠረችው እናት ሁሉ የበዛብህንና የሰብለወንጌልን ታሪክ አወቁ። አንድ ሰው ብቻውን በማይክራፎን ፊት ቆሞ የጌታውንም የአሽከሩንም፣ የሽማግሌውንም የልጅቱንም ድምፅ ሰጣቸው። መድረክ የሚይዘው በወንበሩ ቁጥር ነው፤ የሬዲዮ ጉባኤ ግን በር የለውም።

ከዚያ በኋላ ብዙዎቻችሁ ወይም እናቶቻችሁ የምታስታውሱት «የቀን ቅኝት» የተባለው ተከታታይ ድራማ መጣ። ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ሬዲዮ 257 ክፍል ተላለፈ። ስለ ኤች.አይ.ቪ.፣ ስለ ቤተሰብ ምጣኔ፣ በሴቶች ላይ ስለሚደርሰው በደል በታሪክ እያዋዛ ያስተማረ ድራማ ነው። አድማጮች ለባለታሪኮቹ እንደ ዘመድ አስበው በብዙ ሺህ የሚቆጠር ደብዳቤ ጽፈዋል።

የዚህ ድራማ አሠራር ከየት እንደ መጣ ብትሰሙ ትደነቃላችሁ፤ ሥሩ ያለው በአንዲት የቤት ሠራተኛ ታሪክ ላይ ነው። ሴሊያ አልካንታራ የምትባል አርጀንቲናዊት ደራሲ ስለ አንዲት የገጠር ልጅ ጻፈች። ማሪያ የምትባለው ይህች ልጅ ወደ ትልቅ ከተማ መጥታ በሰው ቤት ትቀጠራለች። ትታለላለች፣ ልጅ ወልዳ ብቻዋን ትቀራለች። ነገር ግን ማታ ማታ ፊደል ትማራለች፣ የልብስ ስፌት ትማራለች፣ በመኪናዋ ላይ ጐንበስ ብላ ሠርታ ራሷን ትችላለች። ታሪኩ እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ በፔሩ በቴሌቪዥን ሲታይ፣ በሰው ቤት የሚሠሩ ልጃገረዶች ወደ ማታ ትምህርት ጎረፉ። የስፌት መኪና ገበያም ደራ። ሚጌል ሳቢዶ የሚባል ሜክሲኮአዊ የቴአትር ሰው ይህን አይቶ «ድራማ ሰውን እንዲህ የሚለውጠው በምን ምክንያት ነው?» ብሎ አጠና፤ ከጥናቱም አንድ የአጻጻፍ ዘዴ አወጣ። ያ ዘዴ ባሕር ተሻግሮ ኢትዮጵያ ደረሰና «የቀን ቅኝት» በእርሱ ተሠራ።

እኅቶቼ፣ እስኪ እነዚህን ሴቶች አሰልፋችሁ ተመልከቷቸው። በለጤ፣ ኢቫ፣ ኤድና፣ ማሪያ። አራቱም በሰው ሥር የሚሠሩ፣ የሚታዘዙ ናቸው። በየአገሩ ያሉት ጸሐፍት ግን ንጉሥና መስፍን ሳያጡ፣ ታሪክ ፍለጋ ወደ እነርሱ ሄዱ። የእናንተ ኑሮ ተራ ነው፣ የሚነገር ነገር የለውም የሚላችሁ ካለ፣ ወይም እናንተው ራሳችሁ እንዲህ የምታስቡ ከሆነ፣ ይህን አስታውሱ።

አሁን ወደ እናንተ የስልክ ጥሪ ልምጣ። ዓርብ ዕለት ወይም ማታ ሥራ ሲያልቅ ለእናታችሁ ስትደውሉ፣ በዚያ በኩል ያለችው እናት እንደ ሬዲዮ አድማጭ ናት። ሪያድን አታውቀውም። ክፍላችሁን፣ እጃችሁን፣ የከሳውን ፊታችሁን አታይም። ያላት ድምፃችሁ ብቻ ነው። እናንተም በዚያ ጊዜ ጸሐፌ ተውኔትም ተዋናይትም ትሆናላችሁ። «ደኅና ነኝ እማዬ፣ ምንም አልጎደለብኝም፣ ሰዎቹ ጥሩ ናቸው።» ድምፅ ታሳምራላችሁ፣ እንባ ትውጣላችሁ። ይህ ከፍቅር የመጣ እንደሆነ አውቃለሁ። ባሕር ማዶ ያለች እናት ምን ልታደርግ ትችላለች፣ ለምን እንቅልፍ ትጣ ብላችሁ ነው።

ነገር ግን የሬዲዮን ሕግ አትርሱ። ያልተነገረ ነገር አልተደረገም። ደመወዝ ለወራት ሲያዝባችሁ፣ እጅ ሲነሣባችሁ፣ ሕመም ሲበረታባችሁ ዝም ካላችሁ፣ ለሚሰማ ሰው ሁሉ ያ ነገር የለም። የምትልኩት ገንዘብ ብቻ ይናገራል፤ ገንዘብ ደግሞ ሁልጊዜ «ደኅና ናት» ነው የሚለው። እናት የማትችለው ከሆነ ለታላቅ ወንድም፣ ለአክስት፣ በዚሁ ከተማ ላለች የታመነች እኅት ተናገሩ። የተቀጠራችሁበትን ቀን፣ የተቀበላችሁትንና ያልተቀበላችሁትን ወር ጽፋችሁ ያዙ፤ የውላችሁን ፎቶ ለአንድ ሰው ላኩ። ነገሩ ሲከፋ ለኤምባሲ የሚነገረው ይህ ነው። በተለይ ተስፋ መቁረጥ መጥቶ «ብሞት ይሻላል» የሚል ሐሳብ የሚያንዣብብባችሁ ከሆነ፣ ያን ቀን ሳታድሩ ለአንድ ሰው ድምፃችሁን አሰሙ። ኢቫ ስሚዝን መርማሪው የጠየቀላት ከሞተች በኋላ ነው። ለእናንተ ግን በሕይወት ሳላችሁ እንጠይቅ።

«ብናገር ማን ይሰማኛል?» ትሉ ይሆናል። አላችሁበት አገር ጥንታዊ ታሪክ አለ። ዘርቃ አል የማማ የምትባል ሴት፣ ሪያድ በምትገኝበት በየማማ ምድር ትኖር ነበር ይላሉ። ዓይኗ የሦስት ቀን መንገድ ያይ ነበር። ጠላት ቅርንጫፍ ተሸፍኖ ሲመጣ አየችና «ዛፎች ወደ እኛ እየሄዱ ነው» ብላ ለወገኖቿ ተናገረች። አላመኗትም፤ ጠፉም። እ.ኤ.አ. በ2024 ይህ ታሪክ፣ ሳውዲያዊው ባለቅኔ ሳሌህ ዘማናን በጻፈው ግጥም፣ በዚሁ በሪያድ በንጉሥ ፋህድ የባህል ማዕከል በኦፔራ ቀርቧል። እርሷ የሚገባትን አድርጋለች፤ ጥፋቱ የሰሚዎቹ ነበር። ስለዚህ አንዱ ባይሰማችሁ ለሌላው ተናገሩ። ከእናንተም መካከል ሌላዋ ስትናገር «አጋነነች» ብላችሁ አትለፏት።

በመጨረሻ አንድ ሥራ ልስጣችሁ። መንግሥቱ ለማ ተውኔት ከመጻፍ ሌላ አንድ ትልቅ ነገር አድርገዋል። አባታቸው አለቃ ለማ በእርጅናቸው ያዩትንና የሰሙትን ሲያጫውቷቸው፣ ድምፃቸውን በመቅረጸ ድምፅ ያዙ። ከዚያ ጨዋታ «መጽሐፈ ትዝታ» የተባለው መጽሐፍ ተዘጋጅቶ በ1959 ዓ.ም. ታተመ። ልጅ ጠያቂ፣ አባት ተራኪ ሆነው አንድ ዘመን ከመጥፋት ተረፈ። ያን ጊዜ መቅረጸ ድምፅ የጥቂት ሰዎች ንብረት ነበር። ዛሬ በእያንዳንዳችሁ ስልክ ውስጥ አለ። በሚቀጥለው ጊዜ ስትደውሉ ስለ ገንዘብና ስለ ጤና ብቻ ተነጋግራችሁ አትዝጉ። «እማዬ፣ አንቺ በልጅነትሽ እንዴት ነበር? አያቴ ምን ትል ነበር?» ብላችሁ ጠይቋትና ድምፅዋን ቅረጹ። የእናንተንም ኑሮ በእናንተው አንደበት ቀርጻችሁ አኑሩ፤ አንድ ቀን ልጆቻችሁ ይሰሙታል። ከመካከላችሁም ይህን ሁሉ ሰምታ ለመድረክ ወይም ለሬዲዮ የምትጽፍ አንዲት ትነሣ ይሆናል።

እስከሚቀጥለው እትም ቸር ይግጠመን። በሰላም ቆዩኝ።